ገላቸውን ስናጥብ አፋቸውን አንርሳ

በቤታችን አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ሲኖር ምን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ገላቸውን እናጥባለን፣ አንሶላቸውን እንቀይራለን፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ከጎን ወደ ጎን እናገላብጣለን፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንሰጣለን፣ ሾርባውንና አጥሚቱን በማንኪያ እናጎርሳለን። ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን አንድ ቦታ ይቀራል። እሱም አፍ ነው።

በሥራዬ አረጋውያን ሲመጡ አፋቸውን ከፍቼ አያለሁ። ንጹህ ልብስ የለበሱ፣ ጸጉራቸው የተበጠረ፣ ልጆቻቸው ከበው ያመጧቸው እናት አፍ ውስጥ፣ በጉንጭና በድድ መካከል የትናንት ምግብ ተጠራቅሞ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተሰቡ ሰንፎ አይደለም። አፍ በየቀኑ መጽዳት እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚጸዳና የማን ሥራ እንደሆነ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

በአገራችን አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት በቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በዘመዶቻቸው እጅ ነው። ጧሪ የሌላቸው ደግሞ እንደ መቄዶንያ ባሉ የመርጃ ማዕከላት ይኖራሉ። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው አንድ ነው፤ ራሳቸው ጥርሳቸውን መቦረሽ ያልቻሉ ሰዎችን አፍ ማን ያጽዳ? እንዴትስ ያጽዳ? የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

አፍና ሳንባን ምን አገናኛቸው?

በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ዝልግልግ ነገር የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም። ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያ የያዘ ንጣፍ ነው። በየቀኑ ካልተቦረሸ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ድድን ያቆስላል፣ ጥርስን ይቦረቡራል።

ጤነኛ ሰው ምራቅ ትን ሲለው ወዲያው ያስላል፤ ሳንባውም ይጠበቃል። ስትሮክ የመታቸው፣ የመርሳት በሽታ የጸናባቸው ወይም በጣም የደከሙ አረጋውያን ግን የመዋጥና የማሳል ኃይላቸው ይቀንሳል። በተለይ ሌሊት ምራቃቸው ማንም ሳያውቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ምራቁ በባክቴሪያ የተሞላ ከሆነ የሳንባ ምች ያስከትላል። የሳንባ ምች ደግሞ ለአንድ ወጣት የአንድ ሳምንት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አልጋ ላይ ለዋለ የ80 ዓመት ሰው ግን የሞት ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ አንድ የጃፓን ጥናት በ11 የአረጋውያን መጦሪያዎች የሚኖሩ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። የአንደኛው ክፍል አረጋውያን ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥርሳቸው በተንከባካቢ እጅ ይቦረሽ ነበር። ሁለተኛው ክፍል እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በመጨረሻም የአፍ እንክብካቤ ካላገኙት መካከል 19 በመቶው፣ ካገኙት ደግሞ 11 በመቶው ብቻ የሳንባ ምች ይዟቸው ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው ብሩሽና የአስታማሚ እጅ እንጂ ውድ መድኃኒት አይደለም።

ጉዳቱ በሳንባ ብቻ አያበቃም። የድድ ሕመም የስኳር በሽታን መቆጣጠር ያከብዳል፤ ከፍ ያለ ስኳርም በተራው ድድን ያባብሳል። ጥርሱ የሚያም ሰው ምግብ ይቀንሳል፤ ምግብ ሲቀንስ ይደክማል፤ ሲደክም ቁስሉ አይድንም። ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ አይቶ «ዕድሜ ነው፣ ምግብ አስጠልቷቸው ነው» ይላል። አንድ አረጋዊ ምግብ እምቢ ሲሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት አፋቸው ነው።

ስታረጅ ጥርስ መርገፉ አይቀርም?

«ካረጁ በኋላ ጥርስ ምን ያደርጋል፣ መርገፉ አይቀር» የሚል አነጋገር በየቤቱ ይሰማል። ነገር ግን ጥርስን የሚያረግፈው ዕድሜ ራሱ ሳይሆን በዕድሜ ውስጥ የተጠራቀመ የጥርስ መቦርቦርና የድድ ሕመም ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1989 «80-20» የሚባል ዘመቻ የጀመሩት ይህን ስለተረዱ ነው። ግቡ ማንኛውም ሰው 80 ዓመት ሲሞላው ቢያንስ 20 የራሱ ጥርስ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ትልቅ ሰው 32 ጥርስ አለው፤ 20ው ካሉት አብዛኛውን ምግብ ያለ ችግር ማኘክ ይችላል።

ይሁን እንጂ እርጅና አፍን ለበሽታ የሚያጋልጥባቸው እውነተኛ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ድድ ወደ ኋላ ሲሸሽ የጥርስ ሥር ይገለጣል። ሥሩ ጠንካራው የላይኛው ሽፋን ስለሌለው ቶሎ ይቦረቦራል።

ሁለተኛ፣ አፍ ይደርቃል። ምራቅ አፍን ያጥባል፣ አሲድን ያረክሳል፣ ባክቴሪያን ይከላከላል። አረጋውያን የሚወስዷቸው ብዙ መድኃኒቶች ምራቅን ይቀንሳሉ። ለምሳሌ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ ሽንት የሚያበዙ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች እንዲሁም ለአለርጂ የሚሰጡ እንቅልፍ የሚያመጡ ክኒኖች ይጠቀሳሉ። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን የተባሉት የደም ግፊት መድኃኒቶችና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድድን ያሳብጣሉ። ይህን ሲያነቡ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ ምልክቱን ለሐኪም ይንገሩ፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይቻል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ እጅ አይታዘዝም። ስትሮክ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መንቀጥቀጥና የዓይን መድከም ብሩሽ መያዝን ያከብዳሉ።

አራተኛ፣ ለደከመ ሰው የምንሰጠው ምግብ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ማር የገባበት አጥሚት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥ። እነዚህ በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ሲወሰዱ ጥርስ ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይውላል።

መናገር ያልቻለ ሰው ሕመሙን እንዴት ይነግረናል?

የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወይም ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸው ሰዎች «ጥርሴን አመመኝ» አይሉም። በሌላ መንገድ ግን ይናገራሉ። የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፡

ምግብ ወደ አፍ ሲቀርብ ፊት ማዞር፣ ወይም ጎርሰው መልሰው መትፋት፤ በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ፤ ቀድሞ የሚወዱትን ትኩስ ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውሃ መፍራት፤ ጉንጭን ደጋግሞ መንካት ወይም መምታት፤ ሌሊት መቃተትና እንቅልፍ ማጣት፤ ያለ ምክንያት መቆጣት፤ ለረጅም ጊዜ ያደረጉትን ሰው ሠራሽ ጥርስ አላደርግም ማለት፤ ከበፊቱ የተለየ መጥፎ የአፍ ጠረን። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ጠባያቸው ተለወጠ ብለው ከመደምደምዎ በፊት አፋቸውን ይመልከቱ።

የዕለት ተዕለት አጸዳድ

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። ፀጉሩ ለስላሳና ጫፉ ትንሽ የሆነ የጥርስ ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና፣ አንድ ኩባያ ንጹህ ውሃ፣ መትፊያ ሳህን፣ ፎጣ፣ ጓንት፣ እንዲሁም የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት። ከተገኘ ንጹህ ጎዝ ወይም የታጠበ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይጨመራል። ብሩሹ የእሳቸው ብቻ ይሁን፤ በየሦስት ወሩ፣ ፀጉሩ ከተበታተነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይቀየር።

በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ማታ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ የተረፈው ምግብም ሳይነካ ያድራል። የፆም ሰዓት የሚያከብሩ አረጋውያን ቢሆኑ ከምግብ ሰዓታቸው ጋር ማስማማት ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. እጅዎን ይታጠቡ፣ ጓንት ያድርጉ። የሚያደርጉትን አስቀድመው ይንገሯቸው። «አባባ፣ አሁን አፍዎን ላጥብልዎ ነው» ማለት አክብሮትም ነው፣ ድንጋጤንም ይቀንሳል።

2. በትራስ ደግፈው ቀና አድርገው ያስቀምጧቸው። አገጫቸው ወደ ደረታቸው ትንሽ ዘንበል ይበል። ወደ ኋላ የተንጋለለ ራስ ውሃውን ወደ ሳንባ ይመራዋል። መቀመጥ ካልቻሉ በጎናቸው ያስተኟቸው፤ ከጉንጫቸው ሥር ፎጣ ያንጥፉ።

3. ከፊት ለፊታቸው ወይም ከጎናቸው ሆነው፣ ከዓይናቸው ከፍታ ሳይርቁ ይሥሩ። ከላይ ቆሞ መሥራት ያስፈራቸዋል።

4. በመጀመሪያ በጉንጭና በድድ መካከል የቀረ ምግብ ካለ በብሩሽ ወይም ጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጎዝ ጠርገው ያውጡ። ስትሮክ የመታቸው ከሆኑ በደከመው ጎን በኩል በተለይ ይፈልጉ፤ ምግብ የሚደበቀው እዚያ ነው።

5. በብሩሹ ላይ አተር የምታህል የጥርስ ሳሙና ያድርጉ። መትፋት ለሚቸግራቸው ከዚያም አሳንሰው ብሩሹን ቀባ ብቻ ያድርጉት።

6. ብሩሹን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ አጋድመው፣ በትንሽ በትንሹ እያዞሩ በቀስታ ይቦርሹ። ውጪውን፣ ውስጡንና የሚያኝከውን ገጽ ሁሉ ያዳርሱ። ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ድድ ትንሽ ቢደማ አይደንግጡ፤ ያልተቦረሸ ድድ ይደማል፣ በየቀኑ በቀስታ ሲቦረሽ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ወይም ደሙ ከበዛ ግን ያስመርምሩ።

7. ምላሳቸውንም ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ይጥረጉ።

8. አረፋውን ይትፉ። ከዚያ በብዙ ውሃ ባይጉመጠመጡ ይመረጣል፤ ጥርስ ላይ የቀረው ጥቂት ፍሎራይድ ሥራውን ይቀጥላልና። መትፋት ካልቻሉ በእርጥብ ጎዝ ያብሱላቸው።

9. ከንፈራቸውን ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ ይቀቡ። ኦክስጅን የሚወስዱ ከሆነ ግን ቫዝሊን አይጠቀሙ፤ ቅባት የሌለው ማለስለሻ የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ።

ስለ ፍሎራይድ አንድ ነገር ልጨምር። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነዋሪዎች ፍሎራይድ ሲባል ጥርስን የሚያበልዝና አጥንትን የሚጎዳ ነገር ትዝ ሊላቸው ይችላል። እውነት ነው፣ የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለው፤ ለዓመታት የጠጣውንም ይጎዳል። የጥርስ ሳሙና ግን የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ በጥቂቱ ተቀብቶ የሚተፋ ነው። የጥርስ መቦርቦርን ለመከላከል ብቃቱ ከተረጋገጠ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሲገዙ በሳጥኑ ላይ የፍሎራይዱ መጠን ከ1000 እስከ 1500 የሚል ቁጥር መኖሩን ይመልከቱ።

መፋቂያስ? ከወይራና ከመሳሰሉት የሚዘጋጀው መፋቂያ ራሳቸው ለሚፍቁ ብርቱ አረጋውያን ጥሩ ልማድ ነው፤ ይቀጥሉበት። በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ግን እንጨት ማስገባት ድድ ሊያቆስል፣ ስንጣሪውም ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። ለሌላ ሰው ስናጸዳ ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል።

ጥርስ የሌላቸውና ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ

ጥርስ የሌለው አፍም ይቆሽሻል። ባክቴሪያና ፈንገስ ምላስ፣ ላንቃና ድድ ላይ ይራባሉ። ስለዚህ ድዱን፣ ላንቃውን፣ የጉንጩን ውስጥና ምላሱን በእርጥብ ጎዝ ወይም በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ መጥረግ ያስፈልጋል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ከሆነ ከአፍ ወጥቶ ይታጠብ። ውሃ የያዘ ሳህን ከሥር ያስቀምጡ፤ ከእጅ ቢያመልጥ አይሰበርም። በብሩሽና በተራ ሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። የጥርስ ሳሙና ገጹን ስለሚፍቀው አይመረጥም። የፈላ ውሃ ደግሞ ቅርጹን ያጣምመዋል።

ከሁሉ በላይ ሌሊት ይውለቅ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ የጃፓን ጥናት ዕድሜያቸው 85 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን እንዳደረጉ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዛቸው ዕድል፣ አውልቀው ከሚተኙት ሰዎች ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ማታ ያውልቁላቸው፣ ታጥቦ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። የላላ ጥርስ ድድ ያቆስላል፤ ቁስል ካዩ ወደ ጥርስ ሐኪም ይውሰዱት።

አፌን አልከፍትም ሲሉ

አስታማሚዎችን ከምንም በላይ የሚያደክመው ይህ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ብሩሽ ሲቀርብ አፋቸውን ይገጥማሉ፣ ይገፋሉ፣ ይነክሳሉ። ይህ ክፋት አይደለም። ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ ስላልገባቸው ነው። አፍ በኃይል አይከፈት። ከዚያ ይልቅ እነዚህን ይሞክሩ።

ረጋ ያሉበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ጠዋት እምቢ ካሉ ከቁርስ በኋላ ይመለሱ። ሬዲዮውን ዝቅ ያድርጉ፣ ሰው ከክፍሉ ይቀነስ። ብሩሹን በእጃቸው ያስይዙና እጅዎን በእጃቸው ላይ አድርገው አብረው ይጀምሩ፤ እጃቸው የዕድሜ ልክ ልማዱን ያስታውሳል። ወይም ሁለተኛ ብሩሽ አስይዘዋቸው እርስዎ በሌላው ይሥሩ። ራስዎ ፊት ለፊታቸው ጥርስዎን እየቦረሹ ያሳዩ። የሚወዱትን መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ዘፈን በለሆሳስ ያሰሙ። ዛሬ የፊቱን ብቻ ቢያስቦርሹ ይብቃ፤ ነገ የኋላው ይቀጥላል። በፍጹም ጣትዎን በጥርሶቻቸው መካከል አያስገቡ።

አንድ የራሳችን ባህል እዚህ ላይ ይረዳናል። በቤታችን ከምግብ በፊትና በኋላ ማስታጠቢያ ይዞ የሚቀርብ ሰው አለ። አረጋውያን ይህን ሥርዓት የመርሳት በሽታ ከጸናባቸው በኋላም አይረሱትም ማለት ይቻላል። እጃቸውን አስታጥበው ሲያበቁ መዋጥ ለማይቸግራቸው ኩባያውን ሰጥተው «ይጉመጥመጡ» ይበሉ፤ ቀጥሎ ብሩሹን ያቅርቡ። አዲስና የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ይቀርና የማዕዱ ሥርዓት አንድ ክፍል ይሆናል።

ራሳቸውን ለማያውቁና መዋጥ ለማይችሉ

በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ ሰዎች «በአፋቸው ስለማይበሉ አፋቸው አይቆሽሽም» ይባላል። ይህ ስህተት ነው። የማያኝክ አፍ ምራቅ አይንቀሳቀስበትም፤ ከሚበላው ሰው አፍ ይልቅ ይቆሽሻል። እነዚህን ሰዎች በጎናቸው አስተኝተው፣ ብሩሹን ውሃ ነክረው በደንብ ካራገፉ በኋላ ይጠቀሙ። አፍ ውስጥ ውሃ አያፍስሱ። ከብሩሹ በኋላ በእርጥብ ጎዝ ይጥረጉ። ልቅ ጥጥ አይጠቀሙ፤ ተበጥሶ ጉሮሮ ሊይዝ ይችላል። የሚተነፍሱት በአፋቸው ከሆነ በየጥቂት ሰዓቱ አፍና ከንፈርን ማርጠብ ያሳርፋቸዋል።

ሁሉም በአፍ የሚመገቡ አረጋውያን ደግሞ ቀና ብለው ይመገቡ፤ ከበሉ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ ይቆዩ።

ማድረግ የሌለብን

ጥርስ ሲያም አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል። አረቄ መያዝም እንዲሁ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መስጠት የተቦረቦረን ጥርስ አያድንም፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል እንጂ። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ (ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ) መጉመጥመጥ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ይህም መትፋት ለሚችሉ ብቻ ነው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ ማጠቢያ ጠቃሚ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጥርስን ያጠቁራል፣ ጣዕም ያዛባል፤ በባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይወሰድ።

ሻይና አጥሚት ይቅር አልልም። ስኳሩ ይቀነስ፣ ጣፋጩ ከምግብ ጋር እንጂ በየመሀሉ አይሰጥ፣ ለጥማት ውሃ ይቅደም። ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ የሚጠቀሙ ከሆነ ከነፉ በኋላ ይጉመጥመጡ፤ ካልሆነ አፍ ውስጥ ፈንገስ ይራባል።

ለመርጃ ማዕከላት

ብዙ አረጋውያን በሚኖሩበት ቦታ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ሥርዓት ያስፈልጋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአረጋውያን መኖሪያዎች ያወጣችው መመሪያ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። አረጋዊው ሲገቡ አፋቸው ይታይ፣ የተገኘው ይመዝገብ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሽላቸው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው በየቀኑ ይጽዳ። ይህ በእኛም አገር ሊሠራ ይችላል። ለማየትም የጥርስ ሐኪም መሆን አያሻም። ስምንት ነገሮችን መመልከት የሚችል አስታማሚ ይበቃል፤ ከንፈር፣ ምላስ፣ ድድና የጉንጭ ውስጥ፣ ምራቅ፣ የራሳቸው ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአፍ ንጽሕና፣ የሕመም ምልክት።

በተጨማሪም የእያንዳንዱ ብሩሽና የጥርስ ማስቀመጫ ስም ይጻፍበት። መድኃኒት ሲሰጥ እንደሚፈረም ሁሉ አፍ ሲጸዳም ይፈረም። በየፈረቃው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይደለምና። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለመስጠት የሚመጡ ወጣቶችና የጤና ተማሪዎችም ጸጉር ከመቁረጥና ልብስ ከማጠብ ጎን ይህን ሥራ ቢማሩ ትልቅ እገዛ ነው።

ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላም መጠበቅ አለበት። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና በ14 የመጦሪያ ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በመጀመሪያው ዓመት የሳንባ ምች ቀንሶ አሳይቷል። ሁለተኛው ዓመት ሲታከልበት ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። አጥኚዎቹ ሥራው በነበረበት ትጋት አለመቀጠሉ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። የአፍ ጽዳት እንደ ክትባት አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን እንደ ምግብ በየቀኑ የሚደገም ነው።

ወደ ሕክምና መቼ?

የሚከተሉትን ካዩ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፡ የፊት ወይም የመንጋጋ ሥር እብጠት፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር ከሆነ፤ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፤ የማይቆም ደም፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ድንገተኛ መፍዘዝ። አረጋውያን የሳንባ ምች ሲይዛቸው ትኩሳትና ሳል ሳይኖራቸው መፍዘዝ ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ።

በዚያ ፍጥነት ባይሆንም መታየት ያለባቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው፡ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም የማይለቅ ነጭና ቀይ ምልክት (ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ትንባሆ ላጨሱ ወይም ለጠጡ ይበልጥ ያሰጋል)፤ ሲጠረግ የሚለቅና ከሥሩ ቀይ የሆነ ነጭ ነገር፣ ይህ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት አለው፤ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ተነቅሎ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላልና።

ጥርስ ለማስነቀል ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ወይም የተቀየረላቸው፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ይንገሩ። የደም ማቅጠኛውን ግን ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አያቋርጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ማስታወስ ቢከብድዎ በአንድ ነገር ይጀምሩ። ዛሬ ማታ እናትዎ ወይም አባትዎ ከመተኛታቸው በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቀው በስልክዎ መብራት አፋቸውን ይመልከቱ። ከዚያ በቤት ውስጥ ተነጋገሩና ማታ ማታ የማን ተራ እንደሆነ ወስኑ። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና በየሱቁ አለ። የሚጠይቀው በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፈው ደግሞ ወላጆቻችን ሳይታመሙ እንዲበሉ፣ ሳይቃትቱ እንዲተኙና በቀሪ ዘመናቸው ሳይሳቀቁ ከእኛ ጋር እንዲስቁ ነው።